ከቤታችሁ ወደቡ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሮተርዳም፣ አንትወርፕ፣ ሀምቡርግ፣ ሂውስተን፣ ኦክላንድ፣ ሲያትል፣ ሜልቦርን፣ ጅዳ፣ ዱባይ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ከቤታችሁ ወደቡ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? አብዛኞቻችሁ አታውቁትም። አልፈርድባችሁም። እኔ ሮተርዳም 16 ዓመት ስኖር የማውቃቸው ሐበሾች ወደቡን የሚያውቁት በአውራ ጎዳናው ምልክት ብቻ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑን ያውቃሉ። የበርበሬውን ሱቅ ያውቃሉ። ርካሽ ትኬት የሚቆርጠውን ልጅ በስሙ ይጠሩታል። ወደብ ግን የሌላ ሰው ጉዳይ ነው። ባሕር የሌለው አገር ልጆች አይደለን።

እዚያ ወደብ ላይ ግን የእናንተ ሰው አለ። በእኛው ባንዲራ በሚሄዱት መርከቦች ላይ አለ። ባሕር ዳር ወይም ቢሾፍቱ ባቦጋያ ተምረው በውጭ ኩባንያ መርከብ የተቀጠሩ ልጆችም አሉ፤ ብዙዎቹ ሞተር ክፍል ውስጥ ናቸው፣ ስለዚህ ፀሐይ እንኳን የሚያዩት በፈረቃ ነው። መርከባቸው ወደ እናንተ ከተማ ይመጣል፣ አንድ ሌሊት ያድራል፣ ይሄዳል። እናንተ ሳትሰሙ። እነሱም በከተማው ስንት ሐበሻ እንዳለ ሳያውቁ።

ይህን የምጽፈው ለገሃር አካባቢ ካለች ትንሽ ቡና ቤት ተቀምጬ ነው። ጡረታ ወጥቼ ከተመለስኩ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እዚህ ነኝ። ምክር የምሰጠው ብዙ ስላወቅሁ አይደለም፣ ከሁለቱም ወገን ስለቆምኩ ነው፤ ለረጅም ዓመት በመርከብ መጪው እኔ ነበርኩ፣ ቀጥሎ ደግሞ ተቀባዩ ሆንኩ።

ታኅሣሥ 1982 ነው። ከአሰብ ከወጣን ሦስተኛ ሳምንታችን፣ አንትወርፕ ገባን። ከአሰብ ስንነሳ እናቴ በጠና ታማ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ምንም አልሰማሁም። ያኔ ሞባይል የለ፣ ኢንተርኔት የለ። ከመርከብ በሬዲዮ መደወል ለካፒቴን እንጂ ለእንደኔ ዓይነቱ ዘይት ጠራጊ አልነበረም። የሰባት ሰዓት ፈቃድ አገኘሁና ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ስልክ ፍለጋ ወጣሁ። የወደብ ሰፈር ካያችሁ ታውቃላችሁ፤ መጋዘን፣ ባቡር ሐዲድ፣ መጋዘን፣ አጥር። አንድ ሰዓት ተኩል ሄደን ያገኘነው የስልክ ሳጥን የማይሠራ ነበር። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። የለበስኩት ደግሞ ከመርካቶ የገዛኋትን ስስ ጃኬት ነው።

አንዲት ትንሽ መኪና አለፈችን፣ ቆመች፣ ወደ ኋላ ተመለሰች። አንድ ሽማግሌ መስኮቱን አወረደ። ምን እንዳለ አልገባንም። እኔ እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ «ስልክ» የሚል ምልክት አሳየሁት። የኋላውን በር ከፈተልን። ከኋላ ወንበር ላይ አንድ የረጠበ ትልቅ ውሻ ነበር፣ ውሻውን መሃል አድርገን ተቀመጥን። ጓደኛዬ ውሻ ይፈራል። እስከዛሬ ሲገናኝ የሚያወራኝ ስለ ውሻው ነው።

ቤቱ ወሰደን። ሚስቱ ሾርባ አቀረበችልን። ስልኩ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳው ላይ ነበር። ቁጥሩን ሰጠሁት፣ እሱ ራሱ ደወለልኝ። ቁጥሩ የእኛ አይደለም፣ እኛ ቤት ስልክ አልነበረም። የአንዲት እትዬ ነው፤ ዶሮ ማነቂያ ትንሽ ሱቅ የነበራቸው። ስልኩን አነሱና «ከየት ነው ልጄ?» አሉ። ነገርኳቸው። «ቆይ! እንዳትዘጋ!» አሉና ጠፉ።

እኔ ስልኩን ይዤ ቆምኩ። ሱቁ ይሰማኛል። ሬዲዮው ይሰማኛል። አንድ ልጅ ገብቶ «ሳሙና አለ?» ሲል ይሰማኛል፣ መልስ የሚሰጠው የለም፣ ተሳድቦ ወጣ። እናቴ የነበረችው ከታች ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወስደው ቁልቁለት ነው። እትዬ ሱቃቸውን ክፍት ትተው ነው የሮጡት። ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበር፣ እሱን እያየሁ ቀረሁ። አሥራ አንድ ደቂቃ። በዚያን ጊዜ ከአውሮፓ አዲስ አበባ አሥራ አንድ ደቂቃ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ዕድሜያችሁ የፈቀደ ታውቃላችሁ። በሦስተኛው ደቂቃ ላይ አፍሬ ልዘጋው እጄን ሳነሳ ሽማግሌው መጣና እጄን ቀስ አድርጎ ወደ ጆሮዬ መለሰው። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። እንዳልሳቀቅ መሰለኝ።

መጨረሻ ላይ ትንፋሿን ሰማሁ። ዳገቱን ወጥታ መናገር አቃታት። ትንሽ ቆይታ ያለችኝ «በልተሃል?» ነው።

ስንወጣ ያለኝን ፍራንክ ሾርባው ሳህን ሥር ትቼ ነበር። ሴትየዋ መኪናው ድረስ ተከትላ ኪሴ ውስጥ መልሳ ከተተችው፣ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ጨምራ። ስማቸውን አልጠየቅሁም። በወቅቱ አልመጣልኝም፣ እስከዛሬም ይቆጨኛል። ያ ሰፈር ዛሬ የለም፣ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ፈርሷል። እትዬም ከዚያ በፊት አርፈዋል፤ እሳቸውን ግን ቢያንስ አመስግኛቸዋለሁ።

ይህን ያወራሁት ናፍቆት ይዞኝ አይደለም። ሽማግሌው ምን እንደሰጠኝ አስቡት። ገንዘብ አልሰጠኝም። የሰጠኝ የአገሩ ሰው በመሆኑ ብቻ በእጁ ያለውን ነገር ነው፤ መኪና፣ ስልክ፣ መንገዱን ማወቅ፣ ሁለት ሰዓት። እናንተም እነዚህ ሁሉ አሏችሁ። ችግሩ ራሳችሁን እንደ እንግዳ ነው የምትቆጥሩት። ሃያ ዓመት ኖራችሁ፣ ቤት ገዝታችሁ፣ ልጆቻችሁ የዚያን አገር ቋንቋ በአፍንጫቸው እየተናገሩ፣ አሁንም «እኛ እኮ እዚህ ስደተኛ ነን» ትላላችሁ። ለፈረንጁ እሺ። ዘጠኝ ወር ብረት ላይ ቆይቶ ስድስት ሰዓት ለሚወርድ ልጅ ግን ባለአገሩ እናንተ ናችሁ። ሌላ ባለአገር የለውም።

ደግሞ የዛሬው መርከበኛ ከእኔ ዘመን ይብሳል እንጂ አይሻልም። እኛ ወደብ ገብተን አምስት ቀን፣ አንዳንዴ አሥር ቀን እንቆይ ነበር፤ ጭነቱ በጆንያ ነበርና። ኮንቴይነር መጣና ነገሩን ቀየረው። አሁን ትልቅ መርከብ ገብቶ አንድ ቀን ሳይሞላው ሊወጣ ይችላል፣ በዚያች ቀን ውስጥ ደግሞ መርከበኛው ሥራ ላይ ነው። በፈረንጆቹ 2004 የወደብ ጥበቃ ሕጉ በዓለም ሁሉ ከጠበቀ ወዲህ ደግሞ እንደ ድሮው ከደረጃው ወርዶ በእግር ከተማ መግባት ቀርቷል። በር አለ፣ መታወቂያ አለ፣ አጃቢ አለ። አሜሪካ ከሆነ የመርከበኛ ቪዛ የሌለው ሰው ጭራሽ አይወርድም፤ ሂውስተንን ከመርከቡ መስኮት አይቶ ይሄዳል። ወደቦቹም ከከተማ ርቀዋል። የሮተርዳም አዲሱ ወደብ፣ ማስፍላክተ የሚሉት፣ ከመሃል ከተማው 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ታክሲ ሂዶ መመለሻ የልጁን የሳምንት የኪስ ገንዘብ ይበላዋል። በኮሮና ጊዜ፣ በፈረንጆቹ 2020፣ ኮንትራታቸው አልቆ መውረጃ አጥተው መርከብ ላይ የቀሩት መርከበኞች 400 ሺህ ደርሰው ነበር። የሚቀበላቸው ወደብ ጠፋ። እናንተ ቤት ውስጥ ተዘግታችሁ በተማረራችሁበት ሰዓት የምትቀቅሉት ፓስታ በመርከብ ነበር የሚመጣው።

እሺ፣ ምን ይደረግ? መጀመሪያ የማይደረገውን ልንገራችሁ።

ድስት ይዛችሁ ወደ በሩ አትሂዱ። አንድ ቤተሰብ አውቃለሁ፣ ደግ ሰዎች ናቸው፣ የኢትዮጵያ መርከብ መጣ ሲባል ሌሊቱን ሙሉ ዶሮ ወጥ ሠርተው፣ እንጀራ ጠቅልለው፣ ልጆቹን ባንዲራ አስይዘው ወደቡ በር ሄዱ። ዘበኛው አላስገባቸውም። ምግብ ወደ መርከብ ማስገባት አይቻልም አላቸው። ተጣሉ። አባትየው «ዘረኛ ነህ» አለው። ዘበኛው ፖሊስ ጠራ። እኛ መርከብ ላይ ሆነን በስልክ እየሰማን ነው፤ ሽታው እንኳን አልደረሰንም። ወጡን መጨረሻ ላይ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ራሳቸው በሉት። ዘበኛው ዘረኛ አልነበረም፣ ሥራውን ነው የሠራው።

ትክክለኛው መንገድ የመርከበኞች ማዕከል ነው። በአብዛኛው ትልልቅ ወደብ አለ። ስቴላ ማሪስ የካቶሊኮቹ ነው፣ በፈረንጆቹ 1920 ግላስጎው የተጀመረ። ሚሽን ቱ ሲፌረርስ የአንግሊካኖቹ ነው፣ ከፈረንጆቹ 1856 ጀምሮ አለ። ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ሙስሊም ነኝ፣ ጴንጤ ነኝ አትበሉ፤ ማንም ሃይማኖታችሁን አይጠይቅም፣ መርከበኛውንም አይጠይቁትም። ፈቃደኛ ሠራተኛ ይፈልጋሉ። በተለይ ሚኒባስ የሚነዳ ሰው ሁልጊዜ ይጎድላቸዋል። ሂዱና ተመዝገቡ። ያሠለጥኗችኋል፣ የወደብ መግቢያ እንዲወጣላችሁ ያግዟችኋል፣ ከዚያ በኋላ በዚያው ዘበኛ ፊት በሰላምታ ታልፋላችሁ። እኔ በወር ሁለት ቅዳሜ እሠራ ነበር። አብዛኛው ቀን የምጭነው ፊሊፒኖ፣ ህንድ፣ ዩክሬናዊ ነው። ሐበሻ የሚገጥመው በዓመት ሦስት አራቴ ነው። እሱም ሲገጥም ግን የልጁን ፊት ማየት ነው። አማርኛ ስናገር መጀመሪያ አላመነም፣ ዞር ብሎ ከኋላው ሰው ፈለገ።

የትኛው መርከብ መቼ እንደሚገባ በስልካችሁ ማየት ይቻላል። ማሪን ትራፊክ የሚባለውን መተግበሪያ አውርዱ። የእኛ መርከቦች ስም ያስታውቃል፤ አሶሳ፣ ጅግጅጋ… የከተማና የወንዝ ስም ነው። ከኋላቸው ደግሞ ከስማቸው ሥር «አዲስ አበባ» ተብሎ ተጽፏል፣ የተመዘገቡበት ወደብ ማለት ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ኋላ እመለሳለሁ፣ አንድ ሰው አስቆኛል።

ልጁ እጃችሁ ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ስንት ሰዓት ነው መመለሻህ?» ይሁን። ከደረጃው ጫፍ ላይ ሰሌዳ አለ፣ መመለሻው ሰዓት ይጻፍበታል። ከዚያ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ መልሱት። መርከብ እንደ ሠርግ አይጠብቅም። ሁለተኛው ጥያቄ «ምን ያስፈልግሃል?» ነው፤ የሚመልስላችሁን ደግሞ እመኑት። እናንተ ኢፍል ታወር ልታሳዩት ትፈልጋላችሁ፣ እሱ ጥፍር መቁረጫ ነው የሚፈልገው። ሲም ካርድ፣ የጥርስ ሕመም መድኃኒት፣ ለልጁ ጫማ፣ ፀጉር የሚቆርጥ ሰው። አንዱ ልጅ ያለኝን አልረሳም፦ «ጋሼ፣ ሣር ላይ ውሰደኝ።» ሰባት ወር ብረት ላይ ነው የረገጠው። ፓርክ ወሰድኩት፣ ጫማውን አውልቆ ሃያ ደቂቃ ዝም ብሎ ቆመ፣ በቃ፣ ወደ መርከቡ መለስኩት። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚሉ አሉ፣ ውሰዷቸው። መተኛት የሚልም አለ። አልጋ ስጡትና በሩን ዝጉ፤ ሞተር የማይሰማበት ቤት መተኛት ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቤት ከወሰዳችሁት ደግሞ አሥራ አምስት ሰው አትጥሩ። ብላ ብላ አትበሉት። እርግጥ አንድ ጉርሻ አይቀርም፣ እሱን ማን ይከለክላል። ግን ልጁ ከሰው ርቆ ከርሟል፣ ግርግር ይከብደዋል። ደሞዙንም አትጠይቁት። ስትጠይቁት ያፍራል፣ ወይ ይዋሻል። ደሞዝ አልተከፈለኝም ካላችሁ ግን አዳምጡት፤ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉት፣ ዓለም አቀፉ የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽን በብዙ ወደቦች ተቆጣጣሪ አለው፣ ከሱ ጋር አገናኙት። እነሱ ያላቸውን ጉልበት የእናንተ ሺህ ላይክ የለውም።

አሁን ደግሞ የሚያስቀይም ነገር ልናገር። «ለምን አትቀርም?»

ይህን ጥያቄ ስንት ወደብ ላይ ተጠይቄያለሁ። ሐበሻ ቤት ገብቼ ገና ቡናው ሳይፈላ አንዱ ጠጋ ይልና «ምን ልትሠራ ትመለሳለህ? እኔ ጠበቃ አውቃለሁ» ይላል። በቅን ልቡ ነው። የራሱን መንገድ እያሰበ ነው። ግን ልጁን ምን ዓይነት ጭንቅ ውስጥ እንደሚከተው አያውቅም። መርከበኛ የሚወርደው በእምነት ነው። አንዱ ሲጠፋ በመርከቡ ያሉት የቀሩት ሐበሾች በሚቀጥለው ወደብ አይወርዱም። አንድ ጊዜ ደርሶብኛል። ሁለት ልጆች ጠፉ፣ እኛ የቀረነው ለአራት ወር ደረጃውን አልረገጥንም፣ አንደኛው ጓደኛችን አባቱ ሞተው ነበር፣ ለመደወል እንኳን አልወረደም። የጠፉት ልጆች ላይ አልፈርድም፣ ምን እንዳሳደዳቸው እነሱ ያውቃሉ። ራሱ አስቦ፣ ራሱ ጠይቋችሁ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ በሕግ የሚረዳውን ሰው አሳዩት። እናንተ ግን አትጀምሩት። የስድስት ሰዓት እረፍት ይዞ የመጣን ሰው የዕድሜ ልክ ውሳኔ አትደቅኑበት።

አሁን ወደዚያ ወዳሳቀኝ ሰው ልመለስ።

ባለፈው ክረምት አንድ የድሮ ባልደረባዬ ደወለልኝ። ፊሊፒኖ ነው፣ ቦሰን ነበር፣ በመርከቡ የላይኛው ወለል የሚሠሩት ሠራተኞች አለቃ ማለት ነው። አብረን ሁለት ኮንትራት ሠርተናል። ከማኒላ ወደ ሎሜ ሄዶ መርከብ ሊይዝ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ይቆያል። የመጀመሪያ ጉዞው የሆነ አንድ ወጣት አብሮት አለ። ቪዛቸውን ከአገራቸው ጨርሰው ስለመጡ ከቦሌ ወጡልኝ። ገና ሰላም ሳንባባል ቦሰኑ «ወደቡን አሳየኝ» አለኝ።

የምን ወደብ? አንድ ጊዜ የሆነ ቦታ የእኛን መርከብ አይቷል፣ ከኋላው አዲስ አበባ የሚል። ካርታ ላይ ፈልጎ አጣው። ከዚያ ወዲህ ሊጠይቀኝ ሲያስብ ኖሯል።

ምን ላድርግ፣ ለገሃር አመጣሁት። ከአንበሳው ሐውልት አጠገብ አቁሜ አሮጌውን የባቡር ጣቢያ አሳየሁት። ወደባችን ይህ ነበር አልኩት። ከዚህ እስከ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር፣ ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በፈረንጆቹ 1917፣ አያቶቻችን ባሕር የሚሄዱት ከዚህ ተሳፍረው ነው። ሕንጻውን አየ፣ እኔን አየ፣ «ባቡሩስ?» አለ። አሁን የአዲሱ መስመር ጣቢያ ከከተማው ዳር ነው፣ እዚህ ባቡር የለም አልኩት። ራሱን ነቀነቀና «ስለዚህ መርከብ የሌለው ወደብ፣ ባቡር የሌለው ጣቢያ» አለ። ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ ልናዘግም ተነሳን። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ዕድሜውን ሁሉ ከባሕር ወለል ላይ የኖረን ሰው ከ2,300 ሜትር በላይ አውጥቼ ዳገት አስኬድኩት። ፖስታ ቤቱ ጋ ሲደርስ ከንፈሩ ገረጣ። ትንሽ አርፈን ቀጠልን። ከቴዎድሮስ አደባባይ ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ የጫማው ሶል ተላቀቀ። ከፊት አፉን ከፍቶ እንደ አዞ ጥርስ ብቻ ቀረው። ሌላ ጫማ ሻንጣው ውስጥ ነው፣ ሻንጣው ከአየር መንገዱ ጋር ነው።

አንድ ሊስትሮ አየን። አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ጫማውን ተቀብሎ አገላበጠው፣ ጣቱን አስገብቶ መረመረውና «ይሄ በማስቲሽ ብቻ አይያዝም፣ ይሰፋል» አለ። ክር የለውም። ሰማያዊ ነጠላ ጫማውን ከእግሩ አውልቆ ለቦሰኑ ሰጠውና ጫማውን በፌስታል አድርጎ በባዶ እግሩ ሮጠ። ወዲያው ዝናቡ መጣ። የነሐሴ ዝናብ፣ ታውቁታላችሁ። ከጎን በላስቲክ የተጠለለች ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት ነበረች፣ «ግቡ ግቡ» ብላ ጎትታ አስገባችን። ሦስት ደንበኞቿን አስነስታ ነው በርጩማ የሰጠችን። ደንበኞቹም እሺ ብለው ቆሙ።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር። አሥር ደቂቃ አለፈ። ሃያ አለፈ። እኔ በሆዴ «ልጁ ጫማውን ይዞ ሄዷል» እያልኩ ነው። ዝናቡን ሳይሆን መንገዱን ነው የማየው። ቦሰኑ ግን ተረከዙ ከነጠላ ጫማው ግማሽ ወጥቶ፣ ስኒውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ስለ ጤናዳሙ እየጠየቃት ነው፤ እሷ በአማርኛ እሱ በታጋሎግ። ሁለተኛውን ቀዳችለት። ወጣቱ ልጅ በስልኩ ረከቦቱን ያነሳል። ስለ ሰው ደግነት ይህን ሁሉ የምሰብከው ሰውዬ፣ እዚያ የተጠራጠርኩት ብቸኛው ሰው እኔ ነኝ። የገዛ አገሬ ሰው። ውጭ አገር መኖር ይህችን ያስለምዳል መሰለኝ፣ ወይም ዕድሜ ነው።

አርባ ደቂቃ ሆኖት መጣ። እስከ አናቱ ርሷል። ጫማውን ግን ከሸሚዙ ሥር ሆዱ ላይ ሸጉጦ ነው ያመጣው፣ ደረቅ ነው። ክሩን ያገኘው ታች ድረስ ወርዶ ከአንድ ጫማ ሰፊ ነው። እዚያው ቁጭ ብሎ በወስፌ ዙሪያውን ሰፋው። ስንት ነው አልኩት፣ 80 ብር አለ። ቦሰኑ ሃያ ዶላር አወጣ። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ ይሄን ምን ላድርገው? ዝርዝር የለኝም» አለ። ጉራ አልነበረም። መልስ እንዲሰጥ የተጠየቀ መስሎታል። 100 ብር ሰጠሁት፣ ሃያውን መለሰልኝ። ሴትየዋም ለመጀመሪያው ቡና ብቻ ተቀበለች፣ ለሁለተኛው አልተቀበለችም፣ «ዝናብ ነው ያስጠጣቸው» አለች።

አዲስ አበባ ሌባ የለም አላልኩም። ፒያሳ ስልካችሁን እያወዛወዛችሁ ብትሄዱ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ግን ለእረፍት ስትመጡ የማየው ነገር አለ። ወይ ሁሉን ሰው በሌባ ዓይን ታያላችሁ፣ ወይ ሰው ደግ ሲሆንላችሁ ደንግጣችሁ ዶላር ትመዝዛላችሁ። ለአንድ ቡና የአሥር ቡና ዋጋ ሰጥታችሁ ትሄዳላችሁ፣ ያቺ ሴት ማታ ስትቆጥረው ደስ ይላታል፣ ግን ደንበኛዋ አልሆናችሁም። የተጠየቃችሁትን ክፈሉ። የተጋበዛችሁትን ጠጡ። ስም ጠይቁ፣ እኔ አንትወርፕ ላይ ያልጠየቅሁትን። ሲመቻችሁ ደግሞ በማግስቱ እዚያው ተመለሱ፣ በሳምንቱም እንደዚያው። ብዙ መስጠት ካማራችሁ በሦስተኛው ቀን ስጡ፣ ያን ጊዜ በስማችሁ ይጠሯችኋል።

ቦሰኑን ማታ ቦሌ ሸኘሁት። አሁን በየጊዜው በዚያ በኩል ሳልፍ ልጁ ጋ ጫማዬን አስጠርጋለሁ። አንድ ቀን «ያ የመርከብ ሰውዬ ስፌቱ ያዘለት ወይ?» አለኝ። ለቦሰኑ ጻፍኩለት። ባሕር ላይ ስለነበር ዘጠኝ ቀን ዝም አለ። በአሥረኛው ቀን ፎቶ ላከ፦ ጫማው ክፍሉ ውስጥ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ ከኋላው በክብ መስኮቱ ባሕር ይታያል። ለልጁ ስልኬን ሰጠሁት። ባሕሩን አላየም። በሁለት ጣቱ ጫማውን አሳድጎ፣ ስፌቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተለና ተረከዙ ጋ ቆመ።

«እዚህች ጋ መድገም ነበረብኝ» አለኝ።